ባሪያ የሆነው የመርከብ አለቃ

«ያልደረሰበት ግልግል ያውቃል» ይላል የአገራችን ሰው። መከራ ያልነካው ሰው በሌላው መከራ ላይ ምክር ማብዛትና ፍርድ መስጠት ይቀለዋል ማለት ነው። እንግዲህ ይህ እውነት ከሆነ፣ መከራ የደረሰበት ሰውስ የሌላውን ሥቃይ በእርግጥ ያውቃልን? ወይስ ከጭንቁ በወጣ ማግስት ሁሉን ረስቶ እንደ ቀድሞው ይኖራል? ይህን ጥያቄ በባዶ ቃል ከመመለስ ይልቅ የአንድን ሰው ሕይወት መርምሮ ማየት ይሻላል። ይህ ሰው ጄምስ ራይሊ የሚባል አሜሪካዊ የመርከብ አለቃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ወሮችና ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

ራይሊ በ1777 ዓ.ም. በኮኔክቲከት ግዛት በሚድልታውን ከተማ ተወለደ። በ15 ዓመቱ ወደ ባሕር ወጣ፤ ሥራውን ከዝቅተኛው ደረጃ ጀምሮ ተምሮ የመርከብ አለቃ ለመሆን በቃ። ነገር ግን አሜሪካና እንግሊዝ ከ1812 እስከ 1815 ዓ.ም. በተዋጉበት ጊዜ የባሕር ንግድ ስለ ተሰናከለ፣ ያፈራው ሀብት አለቀበት። ሚስቱንና ልጆቹን የሚያኖርበት ገንዘብ አስፈለገው። ስለዚህ ሰላም ሲሆን፣ በ1815 ዓ.ም. በሜይ ወር፣ አንዲት የንግድ መርከብ ይዞ ጉዞ ጀመረ። የመርከቢቱም ስም «ኮሜርስ» ይባል ነበር፤ ትርጓሜው «ንግድ» ማለት ነው።

መርከቢቱ በመጀመሪያ የሄደችው ወደ ኒው ኦርሊንስ ነው። ኒው ኦርሊንስ በዚያ ዘመን ትልቅ የባሪያ ገበያ የነበረባት ከተማ ናት። አባት ከልጁ፣ ሚስት ከባልዋ እየተለዩ በጨረታ የሚሸጡባት ከተማ ነበረች። ራይሊ በዚያ ትምባሆና ዱቄት ጭኖ ወደ ጅብራልታር ተሻገረ። ትምባሆ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ይበልጡን የሚለማው በባሮች ጉልበት ነበር። የተወለደበት የኮኔክቲከት ግዛትም ቢሆን፣ በ1784 ዓ.ም. ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ ቢያወጣም፣ ፈጽሞ ያስቀረው በ1848 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ራይሊ ባርነትን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በገበያ ያየዋል፣ በጭነቱ ውስጥ ዋጋው አለ፤ ነገር ግን ዘወትር የሚታይ ነገር ከመታየት ብዛት የማይታይ ይሆናል። ራይሊም በዚህ ነገር እንደ ዘመኑ ሰዎች ነበረ።

ከጅብራልታር ተነሥቶ ጨው ለመጫን ወደ ኬፕ ቬርዴ ደሴቶች ሲጓዝ፣ ጭጋግ ሰማዩን ሸፈነው፤ የባሕሩም ሞገድ መርከቢቱን ከመንገድዋ አስወጣት። ኦገስት 28 ቀን በሌሊት፣ ዛሬ ምዕራብ ሰሃራ በሚባለው አገር ቦሃዶር ከሚባለው የባሕር ጥግ አጠገብ ድንጋይ መታትና ተሰበረች። በውስጧ የነበሩት ሰዎች ከሽማግሌው መንገደኛ ከአንቶኒዮ ሚሼል ጋር 12 ነበሩ። ሁሉም በሕይወት ወደ ዳር ወጡ።

በማግሥቱ የአገሩ ሰዎች መጥተው ዕቃውን መዝረፍ ጀመሩ። መርከበኞቹ ወደ ተሰበረችው መርከብ ሲሸሹ፣ ራይሊ በሽንገላ ወደ ዳር ተጠርቶ ተያዘ። ሰይፍና ጦር ይዘው ከበቡት፤ ገንዘብም አምጣ አሉት። በዚህ ጊዜ የሆነውን ነገር ወጣት አንባቢ በጥንቃቄ ሊያስተውለው ይገባል። ራይሊ ሽማግሌው አንቶኒዮ ከመርከቡ ወደ እርሱ እንዲመጣ አደረገ። ዘራፊዎቹም ይህ ሰው ገንዘብ አመጣ ብለው ሲከቡት፣ ራይሊ ፋታ አገኘና ወደ ባሕሩ ዘሎ እየዋኘ አመለጠ። አንቶኒዮን ግን በጦር ወግተው ገደሉት።

ራይሊ ይህን ነገር አልደበቀም፤ በገዛ መጽሐፉ ጽፎታል። ምክንያቱንም ደርድሯል፤ እርሱ ቢሞት የቀሩት ሁሉ ያለ መሪ እንደሚጠፉ፣ የልጆች አባት መሆኑንም ተናግሯል። ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ነገሩን ራቁቱን ስናየው፣ አንድ ሰው የራሱን ነፍስ በሌላ ሰው ነፍስ ለወጠ። የባሪያ ንግድ ማለት ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። የእኔ ምቾት፣ የእኔ ትርፍ፣ የእኔ ሕይወት ከእርሱ ይበልጣል ብሎ ሌላውን በራስ ፈንታ መስጠት ነው። ራይሊ በፍርሃት አንድ ጊዜ ያደረገውን፣ የባሪያ ነጋዴ ያለ ፍርሃት፣ በሂሳብ መዝገብ እየጻፈ ዕለት ዕለት ያደርገዋል። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም፤ ሥሩ ግን አንድ ነው።

ከዚህ በኋላ የቀሩት 11 ሰዎች ውኃ በምታስገባ ጀልባ ወደ ሰፊው ባሕር ወጡ። የሚረዳቸው መርከብ እናገኛለን ብለው ከሳምንት በላይ ተንከራተቱ፤ ነገር ግን አላገኙም። ውኃው ስላለቀባቸው የገዛ ሽንታቸውን እስከ መጠጣት ደረሱ። በመጨረሻም ባርባስ በሚባል የባሕር ጥግ አጠገብ ወደዚያው በረሃ ተመለሱ። ገደሉን በእጃቸው እየቧጠጡ ከወጡ በኋላ ያዩት ሜዳ ብቻ ነበረ፤ ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም፣ ውኃ የለም። ሴፕቴምበር 10 ቀን ግመሎቻቸውን ውኃ የሚያጠጡ ዐረቦች ወዳሉበት ቀርበው እጃቸውን ሰጡ። ባሪያ መሆን ከሞት ይሻላል ብለው ስለ መረጡ ነው።

ዐረቦቹም ልብሳቸውን ገፈው፣ «ይህ የእኔ ነው፣ ያ የእኔ ነው» እያሉ በሰይፍ እስኪማዘዙ ድረስ ተሻሙባቸው። ከመርከበኞቹ መካከል ሪቻርድ ደሊል የሚባል ጥቁር ወጥ ቤት ነበረ። በመርከብ ላይ አለቃ አለ፣ ምክትል አለ፣ ተራ መርከበኛ አለ፣ ወጥ ቤትም አለ። በዚያች የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ግን ይህ ሁሉ ማዕረግ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠፋ። ነጩም ጥቁሩም፣ አዛዡም ታዛዡም በአንድ ስም ተጠሩ፤ ባሪያ ተባሉ። ራይሊ ራቁቱን በፀሐይ እየነደደ፣ በሹል ድንጋይ ላይ በባዶ እግሩ እየሄደ፣ ግመል መጠበቅና እንጨት መልቀም ጀመረ። ምግባቸው ጥቂት የግመል ወተት ነበረ፤ እርሱም ሲገኝ ነው። ቀንድ አውጣም እየለቀሙ በሉ።

በዚህ ስፍራ ለፍርድ መቸኮል አይገባም። እነዚህ የበረሃ ሰዎች ራሳቸው ረኃብተኞች ነበሩ። ውኃ ከጠፋ እነርሱም ይሞታሉ፤ ግመላቸው ከሞተች ልጃቸው ይሞታል። ለባሪያው የሚሰጡት ትንሽ የነበረው ክፋታቸው ብቻ አስገድዶአቸው ሳይሆን፣ የራሳቸውም ድርሻ ትንሽ ስለ ነበረ ነው። ራይሊ ይህን አይቶ መመስከሩ ሊመሰገንበት ይገባል። ተበድሎ ሳለ የበደለውን ሰው ችግር ማየት የሚችል ሰው ጥቂት ነውና።

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና ሰው እንደርሳለን። ሲዲ ሐሜት የሚባል ነጋዴ ከወንድሙ ከሰይድ ጋር ሸቀጥ ይዞ ወደ ሰፈሩ መጣ። ራይሊ ቀርቦ፣ በጥቂት በተማረው ቋንቋና በምልክት፣ ሚስትና ልጆች እንዳሉት፣ ወደ ሞሮኮ ወደብ ወደ ሞጋዶር ቢወስደው ብዙ ገንዘብ እንደሚያስከፍልለት ለመነው። በዚያም ከተማ የሚከፍልልኝ ወዳጅ አለኝ አለ። በእውነቱ ግን በሞጋዶር የሚያውቀው አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ሲዲ ሐሜት ታሪኩን ሲሰማ እንባ እስኪያወጣ ድረስ አዘነ። ሆኖም ነጋዴ ነውና፣ ነገሩ ውሸት ሆኖ ከተገኘ አንገትህን እቈርጣለሁ፣ ጓደኞችህንም እሸጣለሁ ብሎ ማለለት።

ከዚያም ገዛው። የተከፈለው ዋጋ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ሰማያዊ የጥጥ ልብስና አንድ እስር የሰጎን ላባ ነበረ። ትናንት መርከብ የሚያዝ፣ የጭነት ዋጋ የሚተምን ሰው፣ ዛሬ የራሱ ዋጋ በላባ ሲተመን ቆሞ አየ። ራይሊ አለቅሶ ስለ ለመነ፣ ሲዲ ሐሜት ሌሎች አራት ጓደኞቹንም ገዛለት፤ ሁለተኛውን ምክትል አለቃ አሮን ሳቬጅን፣ መርከበኞቹን በርንስንና ክላርክን፣ እንዲሁም ሆሬስ የሚባለውን ልጅ። የቀሩት ግን በሌሎች ጌቶች እጅ በበረሃው ተበታተኑ።

ሲዲ ሐሜት ምን ዓይነት ሰው ነበረ? ባሪያ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ለአምስቱ ሲል የራሱን ግመል አርዷል፤ ሲደክሙ በግመል ጭኖአቸዋል፤ ወንድሙ ሰይድ ነጥቆ ሊሸጣቸው በፈለገ ጊዜ ተጣልቶ አስጥሎአቸዋል። ርኅራኄና ትርፍ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው አደሩ። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ክፉ ሰው ሁሉ ቀንድ ያለው አይምሰልህ። ክፉ ልማድ የሚቆመው በክፉ ሰዎች ብቻ ሳይሆን፣ ልማዱን ሳይመረምሩ በሚኖሩ ደጋግ ሰዎችም ጭምር ነው።

ከብዙ ሳምንት ጉዞ በኋላ ወደ ሞሮኮ ደቡብ ሲደርሱ፣ ሲዲ ሐሜት ለራይሊ ወረቀት ሰጥቶ «ለወዳጅህ ጻፍ» አለው። ራይሊም የሚጽፍለት ሰው ስም ስለሌለው፣ በሞጋዶር ላሉት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የእስጳኝ ወይም የአሜሪካ ቆንሲሎች፣ ወይም ለማንኛውም ክርስቲያን ነጋዴ ብሎ ጻፈ። ሲዲ ሐሜት ደብዳቤውን ራሱ ይዞ ሄደ። ራይሊም በሰይድ እጅ ሆኖ፣ ወይ ነፃነት ወይ ቢላዋ የሚመጣበትን ቀን መጠበቅ ጀመረ።

ደብዳቤው የደረሰው ዊሊያም ዊልሻየር ለሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴና ቆንሲል ነው። ዊልሻየር ራይሊን አያውቀውም። አገሩም የራይሊ አገር አይደለም፤ እንዲያውም ሁለቱ አገሮች በዚያው ዓመት ገና ከጦርነት የወጡ ናቸው። ገንዘቡ እንደሚመለስለት ዋስ የሚሆን ሰው አልነበረም። ሆኖም ሳይዘገይ 920 የእስጳኝ ጠገራ ብርና ሁለት ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ለመስጠት ተስማማ፤ ራይስ ቤል ቃሲም የሚባል ታማኝ የሞሮኮ ሰውም ምግብና ልብስ አስይዞ ላከ። ራይሊ የማያውቀው ሰው የላከለትን ደብዳቤ ሲያነብ ስሜቱን ሊገታ አልቻለም። በውሸት «ወዳጅ አለኝ» ያለው ሰው በእውነት ወዳጅ አገኘ።

ኖቬምበር 7 ቀን 1815 ዓ.ም. አምስቱ ሰዎች ዛሬ ኤሳዊራ ወደምትባለው ወደ ሞጋዶር ደረሱ። ዊልሻየር ከከተማው ወጥቶ፣ ቆሻሻቸውን ሳይጸየፍ፣ አቅፎ ተቀበላቸው። ራይሊ ከመያዙ በፊት 240 ፓውንድ፣ ማለት 109 ኪሎ ያህል፣ ይመዝን ነበር። በሞጋዶር ሲመዘን ከ90 ፓውንድ፣ ማለት ከ41 ኪሎ በታች ሆኖ ተገኘ። አእምሮውም ለጥቂት ቀናት ታውኮ፣ በክፍሉ ጥግ ተሸሽጎ ያለቅስ ነበር። ሰው ነፃ በወጣ ቀን ነፍሱ ወዲያው ነፃ አትወጣም።

እስከዚህ ያለው የመከራ ታሪክ ነው። የመከራ ታሪክ በዓለም ላይ ብዙ ነው፤ ይህኛውን ልዩ የሚያደርገው ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው። ራይሊ በ1816 ዓ.ም. አገሩ ገባ፤ በ1817 ዓ.ም. ያየውንና የደረሰበትን የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉን ዐረቦችን በመስደብ ሊጨርሰው ይችል ነበር፤ አንባቢዎቹም ይህን ቢያደርግ ደስ ባላቸው። እርሱ ግን በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ፊቱን ወደ ገዛ አገሩ መለሰ። ሰውን ነፃ አድርጎ እንደ ፈጠረው እግዚአብሔርን በምታመሰግን አገር ውስጥ፣ እርሱ በበረሃ የቀመሰውን ባርነት የሚቀምሱ ብዙ ሰዎች እንዳሉ ጻፈ። የቀረውንም ዕድሜውን ባርነትን ለመቃወም እንደሚያውለው ቃል ገባ።

የቁጥሩን ልክ እንመልከት። በ1810 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ፣ በዚያ አገር የነበሩት ባሮች ከ1 ሚሊዮን 190 ሺህ በላይ ነበሩ። ነጋዴዎች ከአፍሪካ ጠረፍ በመርከብ ጭነው አትላንቲክን ያሻገሩአቸው አፍሪካውያን ደግሞ በጠቅላላው 12 ሚሊዮን ተኩል ያህል እንደሚሆኑ የታሪክ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ከእነዚህ ውስጥ 2 ሚሊዮን የሚጠጉት በመንገድ ላይ ሞቱ። የራይሊ ባርነት ሁለት ወር ያህል ነው፤ የእነዚያ ግን ዕድሜ ልክ ነበረ፤ ከዚያም አልፎ ለልጅ ልጅ ይወረስ ነበር።

ሌላም ልዩነት አለ። ራይሊ የተዋጀው ቆንሲል ስለ ነበረ ነው። በሞሮኮ ወደቦች የአውሮፓና የአሜሪካ መንግሥታት ወኪሎች ስለ ተቀመጡ፣ አንድ ነጭ መርከበኛ ለበረሃ ነጋዴ ትርፍ የሚያስገኝ ዕቃ ነበረ፤ ስለዚህ ወደ ሰሜን ይነዳል፣ ይከፈልበታል፣ አገሩ ይገባል። ነገር ግን በዚያው በረሃ፣ በዚያው የግመል መንገድ፣ ከቲምቡክቱ አቅጣጫ የሚመጡ ጥቁር ባሮችም ይነዱ ነበር። እነርሱ በሞጋዶር ገበያ ሲደርሱ የሚጽፉለት ቆንሲል አልነበረም። ደብዳቤ የሚቀበል ዊልሻየር አልነበራቸውም። ለራይሊ ሞጋዶር የነፃነት በር ሆነች፤ ለእነርሱ ግን ሌላ ገበያ ብቻ ነበረች። ስለዚህ የራይሊን መዳን ስናነብ ደስ ይበለን፤ ነገር ግን ማንም ያልጻፈላቸውን አንርሳ።

ራይሊ ፍጹም ሰው አልነበረም። ባርነት ይጥፋ ቢልም፣ ቀስ በቀስ፣ በጥንቃቄ ይሁን የሚል ሰው ነበረ። በበረሃ ሳለ ግን ነፃነቱ ቀስ በቀስ እንዲመጣለት አልለመነም፤ ዛሬውኑ እንዲመጣለት ለመነ። እኛም ለራሳችን ሲሆን «አሁን» እንላለን፤ ለሌላው ሲሆን «ጊዜው ገና ነው» እንላለን። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው ለዚህ ነው። ሆኖም ከብዙዎቹ የአገሩ ሰዎች ይልቅ ራይሊ ሩቅ ሄዷል።

መጽሐፉም በብዙ ሰው እጅ ገባ። ካነበቡት መካከል በ1809 ዓ.ም. የተወለደ የአንድ ድኻ ገበሬ ልጅ ነበረ፤ አብርሃም ሊንከን ይባላል። ሊንከን በ1860 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንትነት በተወዳደረ ጊዜ በታተመው የሕይወት ታሪኩ፣ በልጅነቱ ካነበባቸው ጥቂት መጻሕፍት አንዱ የራይሊ መጽሐፍ መሆኑ ተጠቅሷል። የባሮችን ነፃነት አዋጅ በ1863 ዓ.ም. ያወጣው ይኸው ሰው ነው። አንድ መጽሐፍ ብቻውን ይህን አደረገ ማለት ዋዛ ይሆናል፤ ነገር ግን በልጅ ልብ የተዘራ ቃል የሚበቅልበትን ቀን ማንም አያውቅም። ደግሞ ሌላውን ወገን እንይ። ያንኑ መጽሐፍ ብዙ ሰዎች እንዳነበቡት የታወቀ ነው፤ ባርነት ግን በአሜሪካ እስከ 1865 ዓ.ም. ድረስ ጸና። ለነጩ ባሪያ ያለቀሰ ዓይን ሁሉ ለጥቁሩ አላለቀሰም ማለት ነው።

እኛስ ኢትዮጵያውያን? ይህን ታሪክ የሌሎች ኃጢአት ብቻ አድርገን ልናነበው አይገባንም። በአገራችንም ሰው ይሸጥ፣ ይለወጥ ነበር፤ በምድራችን ተይዘው ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ የተነዱ ወንድሞችና እኅቶች ብዙ ናቸው። ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1942 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ገበያውን ዘጋ፤ ቃሉ ግን በአንዳንድ ሰው አፍ ላይ ለስድብ ቀርቷል። በአዋጅ የማይዘጋውን ይህን በር እያንዳንዱ ሰው በገዛ አፉ መዝጋት አለበት።

ራይሊ በ1822 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት አንዲት መንደር መሠረተ፤ ስምዋንም ዊልሻየር አላት። ልጁንም በዚሁ ሰው ስም ጠራው። በ1840 ዓ.ም. በመርከብ ሲጓዝ በባሕር ላይ ሞተ። መንደሪቱ እስከ ዛሬ በዚያ ስም ትጠራለች።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። መከራ ሰውን ያስተምራልን? መከራ ብቻውን አያስተምርም። ሰይድም በረሃ ያስራበው ሰው ነበረ፤ ሆኖም አልራራም። መከራ የሚያደርገው ነገር በሩን መክፈት ብቻ ነው፤ በበሩ የሚገባው ወይም የማይገባው ሰውየው ነው። አንዱ ከመከራ ሲወጣ «ይህ በእኔ ላይ ሊደርስ አይገባም ነበር» ይላል፤ ይህም ትዕቢት ነው። ሌላው «ይህ በማንም ላይ ሊደርስ አይገባም» ይላል፤ ይህም ጥበብ ነው። በሁለቱ አነጋገር መካከል ያለው ርቀት ራይሊ በእግሩ ካቋረጠው በረሃ ይሰፋል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አንተ መርከብ እስኪሰበርብህ ድረስ አትጠብቅ። በቤትህ የምታገለግለውን ልጅ ስትጠራት፣ ዕቃ የሚሸከምልህን ሰው ዋጋ ስትቈርጥ፣ ከአንተ በታች ነው የምትለውን ሰው ስታዝ፣ በዚያ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ራቁቱን የቆመውን የመርከብ አለቃ አስብ። እርሱም በዚያ ቀን የፈለገው ታላቅ ነገር አልነበረም፤ ሰው ነህ የሚለው ሰው ብቻ ነበረ የፈለገው።